ድምፄና የጎመኑ ትል

ድምፄን ያጣሁት በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ሆሳዕና ሊገባ ሲል ነው። አንድ ማለዳ ተማሪዎቼ ፊት ተቀምጬ ዜማ ላቃናላቸው አፌን ብከፍት የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ዘይት ያልቀመሰ በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምሁት፤ በሁለተኛው ጭራሹን ነፋስ ብቻ ወጣ። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

የዜማ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም እዚሁ ላሊበላ ነው። ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ትምህርት ነው። ብራናው ምልክቱን ይይዛል እንጂ ዜማውን የሚይዘው መምህሩ ነው። ድምፅ የሌለው የዜማ መምህር በሬ እንደሌለው ገበሬ ነው፤ እርሻውን እያየ ይቀመጣል። ደግሞ ድምፄ ያማረ ነበር። ትሕትና ይጎድለዋል የሚለኝ ይኖራል፤ ይበለኝ። ያለፈ ነገር ስለሆነ ብናገረውም ኃጢአቱ ትንሽ ነው።

በልደት ጠዋት ቤተ ማርያም ዘንድ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ቤተ ክርስቲያኑን በከበበው ዐለት ጫፍ ላይ ይደረደራል፣ ገሚሱ ከታች ከግቢው ይቆማል። የላዮቹ መላእክት ናቸው፣ የታችኞቹ እረኞች፤ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ከአገሩ ሁሉ የመጣው ሕዝብ ነጭ ለብሶ ዐለቱን ይሞላዋል። እኔ ለብዙ ዓመታት ከመላእክቱ ጋር ነበርሁ፤ ከእነሱም ዜማውን ከሚያነሡት። ድምፄ ሲጠፋ የምቆምበት ቦታም አብሮ ጠፋ።

ማር ላስሁ፣ ዝንጅብል አኘክሁ፣ ጸበል ጠጣሁ። ፋሲካ አለፈ፤ ያን ዓመት የትንሣኤን ዜማ ከጥግ ቆሜ በመቋሚያዬ መሬት እየመታሁ ነው የሸኘሁት። በመጨረሻ ደሴ ሄድሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ፣ ንግግሯ ለስላሳ። ከጉሮሮዬ ትንሽ እብጠት አገኘችና አወጣችልኝ። ክፉ ነገር አለመሆኑን ነገረችኝ። ቀጥላም «ሰኔ እስኪያልቅ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ፤ በሹክሹክታም ቢሆን። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ይሞክሩታል» አለችኝ፤ ይህንኑም በወረቀት ጻፈችልኝ። እኔም ከወረቀቱ ጥግ «እንደ ቀድሞው ይሆናል ወይ?» ብዬ ጽፌ አሳየኋት።

አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «አልዋሽዎትም አባቴ። ሲሞክሩት ነው የሚታወቀው።»

ስመለስ ጋሸና ላይ መኪናው ለምሳ ቆመ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበርና ወደ ሽሮው ድስት በጣቴ አመለከትሁ። የምግብ ቤቷ እመቤት «ውይ፣ ዱዳ ናቸው» አለችና ሹፌሮቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ጆሮዬ ላይ ጮኸችብኝ፦ «ሽሮ ነው አባቴ? ሽሮ?» ዱዳ እንጂ ደንቆሮ አለመሆኔን የማስረዳበት ምልክት አጣሁ። በልቼ ሒሳብ ልከፍል ብል እምቢ አለች። «ይጸልዩልኝ፣ ይበቃኛል» አለችኝ። በምን ድምፄ ብዬ ጥምጥሜን አስተካክዬ ወጣሁ። እስከ ላሊበላ ድረስ ያ ቃሏ ከመኪናው ጋር ሲንገጫገጭ መጣ።

ላሊበላ ውስጥ ዝም ብሎ መኖር አይቻልም። የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ሰውየው ስለ ጤናህ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆህ መልስ ካጣ ተጣልተሃል ማለት ነው። በመንገድ የሚያገኘኝ ሁሉ እየጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አንገቴ ታመመ። ተማሪዎቼን ሌላ መምህር ተረከበልኝ። ከመስኮቴ ሥር ሲዘምሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ሲስት አፌ ሊከፈት ይልና በእጄ እይዘዋለሁ። ሳምንት አልቆየሁም፤ ጓዜን ጠቅልዬ እኅቴ ዘንድ ለመክረም ወደ ገነተ ማርያም መንገድ ገባሁ።

በመንገዴ ከነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አረፍሁ። ዋሻው ውስጥ ከጣሪያው ዐለት ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል፤ ሰው ጸበሉን ከዚያ ይቀዳል። ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ጠብ ይላል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና ጠብ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ በደስታ ይሞላ ነበር። ያን ቀን ግን ቀናሁ። ድንጋይ እንኳ የሚለው አለው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገለግለው የኖርሁት ዝም አልሁ ብዬ ከፈጣሪዬ ጋር ተኳረፍሁ። ጸበሉን ሳልቀምስ ወጣሁ።

እኅቴ ከገነተ ማርያም ወዲያ፣ ጉም ከማይለየው አንድ ሸንተረር ላይ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ብቻዋን ናት፤ ስንዴና ባቄላ ታርሳለች፣ በጓሮዋ ጎመን ትተክላለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ደበሎ አልብሳ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት የሸኘችኝም እሷ ናት። ሰው ባለበት ጥምጥሜን አክብራ «እርስዎ» ትለኛለች። ሰው ከሄደ «አንተ» ነኝ።

የሐኪሟን ወረቀት የሰፈሩ ቄስ አነበቡላት። ቄሱ እስኪወጡ ጠብቃ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«እና ዝም ብለህ ልትከርም ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ተመስገን» አለች። «ከልጅነትህ ጀምሬ ይህችን ስጸልይ ነበር።»

ሳቅሁ፤ ሳቄም ድምፅ አልነበረውም። እሷ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የዚያ ክረምት መጀመሪያ አሁን ሳስበው ያለምሁት ይመስለኛል። ጠዋት በሩን ስከፍት አገር የለም፤ ጉሙ ገደሉን፣ መንገዱን፣ የጎረቤቱን ቤት ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ የላም ደወል ይሰማል፤ ላሟ የለችም። የጦስኝ ሽታ ይመጣል፤ ጦስኙ የለም። ዳዊቴን ይዤ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ቃሎቹ እዚያው ጥርሴ ላይ ይቀራሉ። ስንት ዓመት የጸለይሁት በዜማ ነበር፤ ዜማው ሲሄድ ጸሎቱም ተከትሎት ሄደ። ታዲያ ስሰማው የኖርሁት እግዚአብሔርን ነው ወይስ የራሴን ድምፅ? ይህ ጥያቄ ከጉሙ የባሰ ብርድ አገባብኝ።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። አንድ ቀን ሄጄ ከሥሩ ተቀመጥሁ። ምን ፈልጌ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ዜማን የሰጠን ቅዱስ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ተማርሮ ሲሸሽ፣ ከዛፍ ሥር አርፎ አንዲት ትል አየ። ትሏ ዛፉን ልትወጣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፤ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ወጣች። እሱም በዚያ ተጽናንቶ ተመለሰ፤ በኋላም ሦስት ወፎች ዜማውን አመጡለት። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነገርኋቸው። ታዲያ የምነግረውን ነገር ለራሴ ብፈልገው ምን ነውር አለው? ትሏ ትምጣና ታጽናናኝ ብዬ ግንዱን ትክ ብዬ እያየሁ ዋልሁ።

ጉንዳን መጣ። ጉንዳን ምንም አላስተማረኝም፤ ነከሰኝ እንጂ። በማግስቱም ሄድሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። ትል የሚባል ፍጥረት ከአገሩ የጠፋ መሰለኝ።

እኅቴ እንጨት ልትሰብር ስትመጣ አየችኝ። «ምን ሁነህ ነው እዚህ የምትውለው?»

ጣቴን ግንዱ ላይ አስኬድሁላት። ጣቴ ወጣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን አበደ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ወዲያው ገባት።

«ትል ነው የምትፈልገው? ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?» አለችኝ፤ በምን እንደምነግራት እግዜር ይወቅ። ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የጎመኑ ቅጠል ወንፊት ሁኗል። አንዱን ቅጠል ገለበጠችው፤ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ትል፣ ከአጠገቧ ሌላ፣ ከእሱም አጠገብ ሌላ። «ይኸውልህ። እስኪበቃህ ተጽናና። ተጽናንተህ ስታበቃ ለቅመህ ለዶሮዎቹ ስጥልኝ።» የቲማቲም ጣሳ አስጨበጠችኝና ሄደች።

ትሎቹን ለቀምኋቸው። ዶሮዎቹ ጣሳውን አይተው ተከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልኬን «ትሏን እዩ» ስል ኖሬ፣ ትሏን ለዶሮ? ዶሮዎቹን በመቋሚያዬ ከለከልሁና ከቦዩ ማዶ ተሻግሬ በዱር ሰናፍጭ ላይ አንድ በአንድ አሰፈርኋቸው። በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። ሐምሌ እንደዚያ አለፈ፤ ማለዳ እለቅማለሁ፣ ጉሙ ሳይገለጥ አሻግራለሁ። ሥራ በማግኘቴም ትንሽ ቀለለኝ።

የእኅቴ ጎመን ግን አልዳነም። አመድ ነሰነሰችበት፤ አልሆነም። «ይህ ትል በረከት አለው እንዴ? በለቀምኸው ቁጥር ይብሳል» ትለኛለች። እኔ ወደ ሰማይ አያለሁ። ፍልሰታ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ተከትላኝ ኖሮ ከቦዩ ማዶ አጎንብሼ ያዘችኝ። ሰናፍጩ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ከላዩ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ይንሳፈፋሉ፤ እየተንሳፈፉም ቀጥታ ወደ ጎመኗ ይሻገራሉ። ጣሳዬን አየችው። ቢራቢሮዎቹን አየቻቸው።

«የፍልሰታን ወጥ ለትል ማኅበር ታበላብኛለህ?» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቅዱሱ ትሉን ያየው ዛፍ ላይ ነው። ጎመን ላይ ቢያየው ኖሮ እሱም ራሱ ይገድለው ነበር።»

ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። ሦስት ጊዜ አማትባ «ይቅር በለኝ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለቅዱሱ። ከዚያ ሳቋ መጣባት፤ እስኪያስላት ሳቀች። ስንመለስ ከአጥሩ ሥር ያለችውን አንዲት መደብ በእግሯ ለየችልኝ። «ይህች የቅዱሱ ድርሻ ትሁን። የፈለገው ይብላት። ከዚህች ያለፈ ትል ግን በእኔና በዶሮዎቼ መካከል ነው፤ አንተ አታይም።»

ከዚያ ወዲህ ዳዊቴን ይዤ መቀመጫዬ ከዚያች መደብ አጠገብ ሆነ። ከዝምታዬ ብዛት ትል ሲበላ የሚሰማኝ መሰለኝ። ዝናብ ሲመጣ ነጠላዬን ተከናንቤ እዚያው እቆያለሁ። ትልቅ ጠብታ ቅጠሉን ሲመታው ትሉ ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ ይጠቀለላል፤ ሞተ ትለዋለህ። ቆይቶ ይዘረጋል። የእኔው ትል ታዲያ ቅዱሱ እንዳየው ያለ አልነበረም። ወደ ነበረበት ቅጠል አይመለስም። አጠገቡ ያገኘውን ይጀምራል፤ ዝቅ ያለም ይሁን የደረቀ አይመርጥም። መጀመሪያ ይህ አናደደኝ፤ ታሪኩን አበላሸብኝ። ከቀናት በኋላ ግን እሱን ሳይ መኮሳተሬን እየተውሁ መጣሁ።

ሰኔ ካለቀ ቆይቷል። ሐኪሟ የፈቀደችው ቀን አልፏል፤ እኔ ግን አልሞከርሁትም። እኅቴ አንድ ቀን ባቄላ ውስጥ ስታርም ቀና ብላ «ቀኑ አልፏል አይደለም?» አለችኝ። ወደ ጎመኑ ዞርሁ።

«ፈርተሃል።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ፈርቼ ነበር፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ዝም እስካልሁ ድረስ ድምፄ የሆነ ቦታ አለ፣ ይመለስ ይሆናል ማለት እችላለሁ። ከሞከርሁት ግን ይታወቃል። ካልተመለሰ በልደት የት ነው የምቆመው? ተማሪ ፊት ምን ብዬ ነው የምቀመጠው?

እኅቴ አረሟን ቀጠለች። «ፍራ እንግዲህ፤ ማን ከለከለህ። ግን ባቄላው እስኪያፈራ ነው። ከዚያ በኋላ ጮኾ ዝንጀሮ የሚያባርርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በነሐሴ ውስጥ ይሁን በጳጉሜን ዛሬ አላስታውስም፣ አንድ ጠዋት ከመደቧ አጠገብ ተቀምጬ የገነተ ማርያም ደወል ከጉሙ ውስጥ ሲመጣ ሰማሁ። ደወሉ ሲቆም ልብ አልሁ፤ ከንፈሬ ገጥሟል፣ ዳዊቱ ተዘግቶ ጭኔ ላይ ነው፣ እኔ ግን ከነጋ ጀምሮ እጸልይ ነበር። ዜማ የለውም። ያማረም አልነበረም። «አለህ ወይ?» ብቻ ነበር የሚለው፤ ደጋግሞ። መልስ አልሰማሁም። ነገር ግን ሆዴ ውስጥ የነበረው ኩርፊያ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ብፈልገው አጣሁት። ጠል ያዘለው ጎመን፣ ትሉ፣ ጭቃው፣ እኔ፣ ሁላችንም በአንድ ዓይን እየታየን ያለን መሰለኝ። የጋሸናዋ ሴት ትዝ አለችኝ፤ ለእሷም ጸለይሁላት። ዘግይቼ ነው እንጂ።

መስከረም ጠብቶ ጉሙ ሲገለጥ አገሩ ተመለሰ። አደይ ሸንተረሩን አለበሰው፤ ከሩቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጣ። ከትሎቹ አብዛኞቹ ቢራቢሮ ሆነው ሄደዋል። አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር ያለው። ያን ቀን ጎመኑን ትቶ መሬት ወረደ፤ እየተሳበም ወደ አጥሩ እንጨት ሄደ። የወይራ እንጨት ነው። መውጣት ጀመረ።

ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። ክረምቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ነገር ይኸው ፊቴ ነው። ትሉ ጥቂት ወጣ፣ ወደቀ። ተዘረጋ፣ እንደገና ጀመረ። ወደቀ። በዚያው እንጨት ደግሞ ጀመረ። እንባዬ መጣ። ቅዱሱ በዚህች ሰዓት ምን እንደተሰማው አወቅሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ትሉ ከአጥሩ አናት ሊደርስ ሲል አንዲት ጅራቷን የምትነቀንቅ ትንሽ ወፍ መጥታ ከአናቱ ላይ አረፈች። ዝቅ ብላ አየችው።

«እሽ!» አልሁ። «ሂጂ! ተይው! እሽ!»

ወፏ ትሉን በአፏ ይዛ ሄደች።

ቆሜ ቀረሁ። ቅዱሱን ያጽናናው ትልና ዜማ ያመጡለት ወፎች እፊቴ ተበላሉ። ተናድጄ ወደ ሰማይ ቀና ስል ነው ጉሮሮዬ ሞቆ የተሰማኝ። አፌን በእጄ ያዝሁ።

እኅቴ ከባቄላው ውስጥ መኮትኮቻዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ማነው? ማነው የሚጮኸው?» ዙሪያውን ታያለች፤ ዝንጀሮ የሚያባርር እንግዳ ሰው የገባ መስሏታል።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

ድምፁን እኔም አላወቅሁትም። ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። እኅቴ መኮትኮቻዋን ጣለች። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እናታችን ስትሞት እንኳ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሌሎች ሴቶችን እንጂ እሷን አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ልቤ ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። የድሮው ድምፅ አልተመለሰም። አሁን ታወቀ።

ቆይታ ፊቷን ጠረገችና «እስቲ በልልኝ» አለች። «የልደቱን።»

«መስከረም ነው እኮ» አልኋት። «የልደት ዜማ በመስከረም አይባልም።»

«ጎመኑ አይናገርብህም። በል።»

አልሁላት። ገና ከመነሻው፣ ከፍ በሚለው ቦታ ላይ፣ ድምፄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዝቅ አድርጌ ያዝሁት፤ ሌላ መንገድ ፈልጌ ወጣሁ፤ ወደ ታችም ሄደ፣ ሻከረም፣ ግን አልቆመም። ጥቂት ብዬ ዝም አልሁ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

እኅቴ አደይዋን እየነቀለች ነበር። «በየልደቱ እመጣለሁ» አለችኝ። «ከሌሊት ተነሥቼ፣ ከዐለቱ ማዶ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ፣ ድምፅህን እፈልጋለሁ። ወንድሜ የትኛው ነው እላለሁ። አንድ ዓመት እንኳ ለይቼህ አላውቅም። ሁላችሁም ታምራላችሁ፤ አንድ ሁናችሁ ነው የምትሰሙት። ስትመጣ ግን ሰማሁህ እልህ ነበር፤ እንዳይከፋህ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ግን በጨለማም ቢሆን እለየዋለሁ።»

ራሴን ነቀነቅሁላት። ድምፅ እያለኝ።

ወደ ላሊበላ ስመለስ ተማሪዎቼ ተቀበሉኝ። ከፍ የሚለውን ዜማ አንድ ድምፀ ግሩም ተማሪ ያወጣል፤ እኔ በመቋሚያ እመታለሁ፣ ሲስት አቆመዋለሁ፣ በሻካራ ድምፄ አሳየዋለሁ። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ኋላ ለመዱኝ። ታኅሣሥ ሲደርስ አለቃችን ዘንድ ሄጄ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከእረኞቹ ጋር ልቁም ብዬ ለመንሁ። ምክንያቱን ጠየቁኝ። እረኛ ብርድ ላይ የሚያድር ሰው ነው፣ ድምፁ ቢሻክር ማን ይፈርድበታል አልኋቸው። ሳቁና ፈቀዱልኝ።

በልደት ጠዋት ከታች ቆሜ ወደ ላይ ሳይ መላእክቱ ምን ያህል እንደሚያምሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ከእነሱ ጋር በነበርሁባቸው ዓመታት ሁሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከእነሱ ወዲያ ዐለቱ በሰው ነጭ ሆኗል፤ እኅቴ ከየትኛው ጥግ እንደቆመች አላውቅም። ዜማው ከላይ መጣ። ተቀበልነው። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አልደበቅሁትም።

ሲያበቃ ሕዝቡ እየተጋፋ ወጣ። እኅቴን ከመውጫው ደረጃ አጠገብ አገኘኋት፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ከብርዱ የተነሣ ጠቁሯል። አለቃችንና ብዙ ካህናት አብረውኝ ነበሩ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ።

«ሰማሁዎት አባቴ» አለች።

አለቃችን ፈገግ ብለው አለፉ። እኅቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቀሃል» አለችኝ። «ያኔ ነው ያወቅሁህ።»